ፊሽካና ሽምግልና

እግር ኳስ ሕግ ሲጻፍለት ዳኛ አልተጻፈለትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ የተሰበሰቡት የክለብ ተወካዮች (ዘመኑን ሁሉ በእነርሱው አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ስለ ሜዳው ርዝመት፣ ስለ ጎሉ ቋሚ፣ ከጫማ ሥር ስለሚወጣ ምስማር ሳይቀር ሲደነግጉ፣ ማን ይፍረድ ለሚለው ጥያቄ አንድ መስመር እንኳ አላዋሉም። ዘንግተውት አይመስለኝም። ጨዋ ሰው ሆን ብሎ አያጠፋም፣ ሳያስበው ቢያጠፋም ራሱ ያምናል ብለው ነው። እምነቱ ብዙ አልሰነበተም። እያደር እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሰው ለዳኝነት ይዞ መምጣት ጀመረ፤ እነዚህም ተጫዋች «ጥፋት ነው!» ብሎ አቤት ካላለ አይናገሩም። ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ከመስመሩ ውጪ ወደ ቆመ ሦስተኛ ሰው ይኬዳል። ሦስተኛው ሰው ሜዳ አይገባም፤ ካልጠየቁትም አፉን አይከፍትም።

በ1891 ነገሩ ተገለበጠ። ሦስተኛው ሰው ወደ መሐል ገባ፣ ሁለቱ የቡድን ሰዎች ባንዲራ ይዘው ወደ መስመር ወጡ፣ ቀስ በቀስም አቤት እስኪባል መጠበቁ ቀረ። በዚያው ዓመት ፍፁም ቅጣት ምት ሕግ ሆነ። ሐሳቡን ያመጣው ዊሊያም ማክረም የሚባል አየርላንዳዊ ነው፤ ሰውየው በረኛ ነበር፤ በገዛ ራሱ ላይ ገመድ የገመደ በረኛ! አንዳንድ የእንግሊዝ ጨዋዎች በሕጉ ተቀየሙ። ጎል አፍ ላይ ሆን ብሎ የሚጠልፍ ሰው በመካከላችን አለ ማለታችሁ ነው ወይ አሉ። ነበረ እንጂ።

ከ1891 በፊት የነበረውን ያንን ሦስተኛ ሰው እኛ አገር የማያውቀው የለም። ሁለት ወገን አምኖበት፣ ዳር ተቀምጦ፣ ሲጠየቅ ብቻ የሚናገር ሰው ሽማግሌ ነው። አዲስ የሰፈር ዳኛ ላይ የሚደርሰው መከራ አብዛኛው ሕጉን ካለማወቁ የሚመጣ አይመስለኝም፤ ሕጉ አሥራ ሰባት ነው፤ ተቀምጦ ያነበበ ይይዘዋል። መከራው የሚመጣው ፊሽካ ይዞ ሜዳ የገባው ሰው በልቡ ሽማግሌ ሆኖ ስለሚገባ ነው።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየሰፈሩ ዋንጫ ይታወጃል። ዋንጫውን አንድ ነጋዴ ይሰጣል፣ ማሊያውን ልጆቹ አዋጥተው ይገዛሉ፣ የሜዳው መስመር በኖራ ይሰመርና ዝናብ ያጥበዋል፤ ከዚያ ወዲያ መስመሩ የተመልካቹ ጫማ ነው። ዳኛ የሚፈለገው መጨረሻ ላይ ነው። ጉልበቱን ታሞ ኳስ ያቆመ ልጅ ወይም የስፖርት መምህር ይጠራና «አንተ ታውቅበታለህ» ተብሎ ፊሽካ ይሰጠዋል። ረዳት ዳኛ የለውም። ከየቡድኑ አንዳንድ ሰው መጥቶ ባንዲራ፣ ባንዲራ ከጠፋም ማሊያ ይዞ መስመር ላይ ይቆምለታል፤ ኳሱ ወጣ ሲሉት ቢያምናቸው ደግ ነው፣ ከዚያ በላይ ያመናቸው እንደሆነ ግን ጉዱ ፈላ። በአንደኛው ቡድን የእኅቱ ልጅ ይጫወታል። የሌላኛው አሰልጣኝ ከአባቱ ጋር በአንድ እድር ናቸው። ሁሉንም ነገ ጠዋት ሻይ ቤት ያገኛቸዋል።

ይህ ዳኛ ጠብ ሲበርድ ያየው በአንድ መንገድ ነው። የተጣሉት ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፣ አንዱ ጥቂት ይለቃል፣ ሌላውም ጥቂት ይለቃል፣ ማንም ጨርሶ ተሸንፎ ወደ ቤቱ አይገባም። እውነት የሚፈለገው እርቅ እስኪያወርድ ድረስ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ይከደናል። ለማንቋሸሽ የምለው አይደለም። ፍርድ ቤት ዓመታት የጎተተውን ነገር በአንድ ከሰዓት ጨርሶ ስንት ትዳር፣ ስንት ጉርብትና ያቆመ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ሽምግልና ጊዜ አለው። ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጥራል፣ ምስክር ያስጠራል፣ የዝም ባዩንም ፊት ያነባል። የኳስ ዳኛ ያለው አንድ ሰከንድ ነው። ደግሞም ሽማግሌ ፊት የሚቀመጥ ሰው እርቅ ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ባይፈልግም እንደፈለገ ሆኖ ነው የሚመጣው። ሁለት ቡድን ግን ሊታረቅ ሜዳ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ፈተና ልምጣ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ ዳኛው ፍፁም ቅጣት ምት ይሰጣል። ጎል ይገባል። ኳሱ ወደ መሐል ሲመለስ የወደቀው አጥቂ ጓደኛውን ሲጠቅስ ያያል፤ ወይም የተከላካዩ ፊት ላይ የሚያየው ነገር ንዴት ሳይሆን ግርምት ይሆንበታል። ተሳሳትኩ ይላል በልቡ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የሚያጫውተው ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ሰባኛው ደቂቃ ላይ በወዲያኛው ቡድን 16 ከ50 ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው አንዱ ይወድቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ተነሣ ብሎ ያልፈው ነበር። ፊሽካው ይነፋል። ዳር ያሉት ሽማግሎች «ሪጎሬውን መለሰላቸው» ይላሉ፤ ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ብዙዎቹም ደግ አደረገ ብለው ነው የሚናገሩት።

ሄኒንግ ፕሌስነርና ቲልማን ቤትሽ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነውት በ2001 አሳትመዋል። ለዳኞችና ለተጫዋቾች የጨዋታ ምስል እያሳዩ ፍርድ ጠየቋቸው። ለአንድ ቡድን ፍፁም ቅጣት ምት አንዴ የሰጠ ሰው ለዚያው ቡድን ሁለተኛ ለመስጠት እጁ ያጥራል፤ ለተጋጣሚው ለመስጠት ግን ይፈታል። የፈረደው ስለ ሁለት የተለያዩ ግጭቶች ነው፤ ራሱ ውስጥ ግን አንድ ሚዛን ይዞ እያስተካከለ ነው።

ጉቦ የበላ ዳኛ ሌባ መሆኑን ያውቃል። ካሳ የሚሰጥ ዳኛ ግን ፍትሐዊ ነኝ ብሎ ነው ተኝቶ የሚያድረው፤ ስለዚህም አዲስ ዳኛን ከጉቦ ይልቅ ከካሳ ማስጠንቀቅ ይበልጥብኛል። ጉቦው ገና ወደ እርሱ አልደረሰም፤ ካሳው ግን ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ይጠብቀዋል። ደግሞ እስኪ ማን እንደሚከፍለው እንመልከት። ሃያኛው ደቂቃ ላይ የተሳሳተው ዳኛው ነው። ሰባኛው ደቂቃ ላይ የሚቀጣው ተከላካይ ያኔ በወዲያኛው ጎል ጫፍ የተፈጠረውን በአካል እንኳ አልደረሰበትም። ዳኛው የገዛ ዕዳውን በሰው ገንዘብ ከፈለ ማለት ነው። ከዚያም ሁለት ስሕተት አንድ ላይ ሆነው አንድ ትክክል ይመስላሉ፤ ውጤቱ አቻ ነውና ማንም አይከስም፣ ማንም አይከሰስም።

ስለዚህ ለጀማሪ የምሰጠው ምክር ሊያጠግበው አይችልም፦ ዕዳውን ሳትከፍል ሂድ። ያጠፋኸው ጠፍቷል። የሚቀጥለው ግጭት ያለፈውን አያውቅም፤ አንተም አታሳውቀው። ይህ ልብ ያደነድናል የሚል ይኖራል። እኔ የማየው በተቃራኒው ነው፤ ስሕተቱን በካሳ ያወራረደ ሰው ያራግፈዋል፣ ያላወራረደው ግን ይዞት ቤቱ ይገባል፤ ሰው ከያዘው ነገር ነው የሚማረው።

ሕጉ ራሱ ለጸጸት ትንሽ በር ትቶለታል። ሕግ ቁጥር 5 ከጨዋታው ጋር በተያያዘ ነገር የዳኛው ውሳኔ የመጨረሻ ነው ይላል፤ ሆኖም ጨዋታው ዳግም እስካልተጀመረ ድረስ ዳኛው መሳሳቱን ሲረዳ ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል። ኳሱ ተተክሎ፣ መቺው ወደ ኋላ ሄዶ፣ በረኛው መስመሩ ላይ እየተወዛወዘ፣ ገና አልተመታም፤ ያን ጊዜ እውነት ገና ቦታ አላት። ኳሱ ተነካ፤ በሩ ተዘጋ። እንዲህ ያለ የሰዓት ገደብ በሌላ በየትኛው ፍርድ ውስጥ አለ? የእኛ ሽምግልና ከዓመት በኋላም አዲስ ነገር ከተሰማ ተመልሶ ይቀመጣል። ኳስ ግን ሕያው ሆኖ እንዲቀጥል ያለፈውን መቅበር አለበት። ሕጉ ዳኛው ልክ ነው አላለም፤ የመጨረሻው ነው ነው ያለው፤ ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ዳኛ ወይ ትዕቢተኛ ይሆናል ወይ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ተጫዋቹ እንዴት ይቀበለዋል? በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይባላል። በቅሎ ያህል ሀብት በአግባቡ ተፈርዶበት ካጣው ይልቅ ጭብጦ ያህሏን ያለ ፍርድ ያጣት ታንገበግበዋለች። የተሸነፉ ቡድኖች ስለ ዳኛ ሲያማርሩ ልብ ብሎ ለሰማ፣ «ተሳሳተብን» የሚለው ከ«አላየም እኮ!» የሚለው ያነሰ ቁጣ አለበት። ሰው የሚያዝነው ሳይታይ ሲፈረድበት ነው። አርባ ሜትር ርቆ የተነፋ ፊሽካ ልክ ቢሆን እንኳ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦ ናት።

ሩጫ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገር የሚሆነው። ለዳኛ መሮጥ የአካል ብቃት ጉዳይ ብቻ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ፤ እኔ ግን የመፍረድ መብቱ በእግሩ የሚገኝ ይመስለኛል። እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ፣ ኋላ ከ1961 እስከ 1974 የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበረው ሰው፣ ዳኛ ሜዳውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ እንዲሮጥ፣ ሁለቱ የመስመር ዳኞችም የቀረውን ጎንና ጎን እንዲይዙ የሚያደርገውን ዘዴ በማስፋፋት ይታወቃል። ለብቻው የሚያጫውት የሰፈር ዳኛ ግማሹን ዘዴ ነው የሚያገኘው፤ ግማሹም ቢሆን ይጠቅመዋል። ትልቁ ነገር ቅርበት እንዳይመስለው። ሁለት ተጫዋች ኳስ ሲቀማሙ ከአንደኛው ጀርባ ሦስት ሜትር ላይ የቆመ ዳኛ ጀርባ ነው የሚያየው። አሥራ አምስት ሜትር ርቆ በጎናቸው የቆመው ግን በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ያያል፤ እግር መጀመሪያ ኳሱን ነካ ወይስ ቁርጭምጭሚቱን፣ እጅ ተዘረጋ ወይስ ተጎተተ፣ ሁሉም የሚታየው በዚያች ክፍተት ነው። ኳሱ ተጠልዞ ሲሄድም ዓይኑ ተከትሎት ባይሄድ ይሻላል፤ ኳስ ማንንም አይረግጥም፣ ክርን የሚወረወረው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው።

ያላየውንስ? ያላየውን አይፍረድ። ለመናገር ቀላል ነው። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ «እጅ ነው!» ብሎ ሲጮህ ጩኸቱ በጆሮ ገብቶ ዓይን ውስጥ ምስል ይሠራል። በእንግሊዝ በተሠራና በ2002 በወጣ ጥናት አርባ ዳኞች የአንድን ጨዋታ ግጭቶች በቴሌቪዥን እንዲያዩ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ከደጋፊው ድምፅ ጋር፣ ከፊሎቹ ያለ ድምፅ። ድምፁን የሰሙት በባለሜዳው ቡድን ላይ የቆጠሩት ጥፋት አነስ ያለ ሆነ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ድንጋይ የሚወረውርባቸው የለም፤ ማንንም ነገ ሻይ ቤት አያገኙም። የጃን ሜዳው ወይም የቀበሌው ሜዳ ዳኛ ጫንቃ ላይ ያለው ምን ያህል እንደሚሆን ከዚህ መገመት ነው።

ልምድ ያላቸው ዳኞች ለጀማሪ ከሚነግሩት ሁሉ እኔ የማደንቀው አንዱን ነው፤ ፊሽካህን አፍህ ውስጥ አታስቀምጥ፣ እጅህ ላይ ያዘው ይላሉ። ከእጅ ወደ አፍ እስኪደርስ ያለችው ጊዜ ግማሽ ሰከንድ ብትሆን ነው። በዚያች ግማሽ ሰከንድ ግን የተጠለፈው ልጅ ሳይወድቅ ኳሱን ይዞ ሊወጣ ይችላል፤ ዳኛውም ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ቀጥል ይላል። አድቫንቴጅ የምንለው ይህ ነው፤ ጥፋቱን አይቶ ማለፍ። ፍርድ መስጠትና ፊሽካ መንፋት አንድ አለመሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ የለም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 22 ቀን 1986 በሜክሲኮው አዝቴካ ስታዲየም አርጀንቲናና እንግሊዝ ሲጫወቱ መሐል ላይ የነበረው ቱኒዚያዊው አሊ ቢን ናስር ነው። በ51ኛው ደቂቃ ማራዶና በእጁ አገባ። ቢን ናስር ጥርጣሬ ቢገባው ወደ መስመር ዳኛው ወደ ቡልጋሪያዊው ቦግዳን ዶቼቭ ተመለከተ፤ ከዚያ ምልክት አልመጣም፤ ጎሉ ጸደቀ። የእንግሊዝ ተጫዋቾች እጅ ነው እያሉ ከበቡት። አራት ደቂቃ አለፈ። ማራዶና ከራሱ ሜዳ ክፍል ተነሥቶ አንዱን፣ ሌላውን እያለፈ ሲሮጥ በመንገዱ ላይ እግር የላከበት ነበር። በዚያች ቅጽበት ለዳኛው ምን ያለ ምቹ ካሳ ተዘጋጅቶለት እንደነበር አስቡት። በማራዶና ላይ ጥፋት ተሠራ ብሎ ቢነፋ በሕግ የሚነቅፈው የለም፤ የቅጣት ምቱ ለአርጀንቲና ነው፤ ሩጫው ግን ይቆማል፤ እንግሊዝም ሳታውቀው ትካሳለች። አልነፋም። ሊነፋ ተዘጋጅቶ አብሮ እየሮጠ እንደነበር ኋላ ተናግሯል። ዓለም የዘመኑ ምርጥ ጎል ያለው እንዲህ ተገኘ። በመጀመሪያው ስሕተት ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ስለ ሁለተኛው አመስጋኙ ጥቂት ነው፤ ምስጋናው የሚሰጠው ላልተነፋ ፊሽካ ስለሆነ ለመስማት ያስቸግራል። ማራዶና ራሱ ግን በ2015 ቱኒስ ድረስ ሄዶ ቤቱ ጠይቆታል።

የሕጉ ባሪያ መሆንም ሌላ ጥፋት አለው። በ1978 የዓለም ዋንጫ ብራዚልና ስዊድን አንድ ለአንድ ሆነው የመጨረሻዋ ኮርና ተሻገረች፤ ዚኮ በቴስታ አገባ፤ የዌልሱ ዳኛ ክላይቭ ቶማስ ኳሱ አየር ላይ ሳለ ጨዋታውን አብቅቶ ነበር። በሰዓቱ ልክ ነው። ግን ኮርና እንዲመታ ፈቅዶ ኳሱ መሬት ሳይደርስ ማብቃት ምን የሚሉት ልክ ነው? ሕጉ ራሱ ዳኛው በጨዋታው መንፈስ ይፍረድ ይላል። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የእጅ ውርወራ አንድ እግሩን አንሥቶ ቢወረውር «እንደገና ወርውር» ብሎ ማሳየት ከመቅጣት ይሻላል። እሑድ ጠዋት ለሚጫወቱት የጤና ቡድኖች ግን ይህ ርኅራኄ አይሠራም፤ ቦርጭ ያወጡ፣ ልጅ የዳሩ ሰዎች ስለ አንዲት የእጅ ውርወራ የሚጣሉትን ጠብ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች አይጣሉትም።

በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው ስለ አክብሮት ማንሣት ያለብኝ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ዳኛ ለአባቱ እኩያ ቢጫ ካርድ እንዴት ያሳያል? አንዳንዱ ጀማሪ ሥልጣኑን ለማሳየት «አንተ» ይላል። ሌላው ያፍርና ካርዱን ኪሱ ይተወዋል። ሁለቱም መንገድ ስቷል። «ስማ አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ አውቃለሁ» ሲሉት «አዎ ጋሼ፣ ያውቃሉ፤ ቢጫ ነው» ማለት ይቻላል። አንቱታው ካርዱን አያደበዝዘውም፤ ካርዱም አንቱታውን አያስቀረውም። ሽምግልና በዳኝነት ውስጥ የሚገባበት ቦታ ካለ እዚህ ነው፤ በአነጋገር፣ በአቀራረብ፣ ተጎድቶ የወደቀውን ጎንበስ ብሎ በመጠየቅ። ፍርዱ ውስጥ አይግባ እንጂ አንደበቱ ውስጥ በሙሉ ይግባ። ንግግሩ ይጠር፤ ከተቻለ ከአምበሉ ጋር ብቻ ይሁን። ብዙ የሚያስረዳ ዳኛ ድርድር ተከፍቷል ያሰኛል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ አራተኛውን የሚናገሩለት እነርሱ ናቸው።

ካርዱ ራሱ የተፈለሰፈው ንግግር ስላልሠራ ነው። ኬን አስተን የሚባለው እንግሊዛዊ በ1962 ቺሊና ጣሊያን ሳንቲያጎ ላይ ሲቧቀሱ ያጫወተ ሰው ነው፤ ፖሊስ ሜዳ ገብቷል። ከአራት ዓመት በኋላ እንግሊዝና አርጀንቲና ሲጫወቱ ማን ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠው ተጫዋቾቹ እንኳ በቅጡ አላወቁም ነበር። አስተን መኪና እየነዳ የትራፊክ መብራት ሲለዋወጥ አይቶ ሐሳቡ መጣለት ይባላል፤ በ1970 ሜክሲኮ ላይ ቢጫና ቀይ ሥራ ጀመሩ። በዚያ ዓለም ዋንጫ የእኛው ሥዩም ታረቀኝ የስዊድንንና የእስራኤልን ጨዋታ ዳኝቷል፤ ካርድ የሚባል ነገር ለዓለም ሲተዋወቅ አንድ ኢትዮጵያዊ ዳኛ እዚያው ነበር፤ ይህን የሚያነሣ ሰው ብዙ አልሰማሁም። ሽምግልና ገመናን ይከድናል፤ ካርድ ግን ፍርዱን ለመላው ሜዳ ያውጃል፤ ቋንቋ የማያውቀውም፣ መጨረሻ ረድፍ የቆመውም ያየዋል። ሁለቱን ካርዶች በተለያየ ኪስ መያዝ፣ ቁጥሩንና ደቂቃውን ያኔውኑ መጻፍ ግድ ነው። በ2006 የዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል የሚያህል ዳኛ የክሮኤሽያውን ሺሙኒችን ሦስት ጊዜ ቢጫ አሳይቶ ነው ያስወጣው፤ ሁለተኛውን በሌላ ሰው ስም ስለ መዘገበ።

ስድቡን ማለፍ አልችልም፣ ብዙ ልቆይበት ግን አልፈልግም። «ሌባ! ሌባ!» የሚለው ዜማ በትልቁ ስታዲየም የሕዝብ ድምፅ ነው፤ በሰፈር ሜዳ ግን የሚጮኸውን ሰው በስም ታውቀዋለህ፣ እናትህም ትሰማዋለች። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር በ2023 ለአማተር ዳኞች ደረታቸው ላይ ካሜራ ማሰር ሞክሯል። በላይኛው ሊግ ካሜራው ዳኛው ልክ መሆኑን ሲመረምር፣ በታችኛው ዳኛው እንዳይደበደብ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ አልፈው ከፍ ያሉ የእኛ ዳኞችም አሉ፤ ሊዲያ ታፈሰ በትምህርቷ ፋርማሲስት ሆና ለ2015ና ለ2019 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመርጣለች፤ ባምላክ ተሰማ በ2018 ሩሲያ ከሄዱት ዳኞች አንዱ ነው። ጀማሪው እነዚህን እያሰበ ቢጽናና አልቃወምም፤ ግን የሚበዛው ዳኛ የትም አይደርስም፤ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ለትራንስፖርት በማትተርፍ አበል፣ ጉልበቱ እስኪደክም ያጫውታል። ምክር የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

የእኅቱ ልጅ የሚጫወትበትን ጨዋታስ ይዳኝ? ሌላ ሰው ካለ አይዳኝ። ከሌለ፣ ኳሱ ሳይጀመር ሁለቱን አምበሎች ጠርቶ «7 ቁጥሩ የእኅቴ ልጅ ነው፤ ካልተመቻችሁ አሁን ተናገሩ» ይበል። ይህን ከሽማግሌዎች መውሰድ ይችላል፤ ዝምድና ያለው ሽማግሌ ገና ሲቀመጡ ነው የሚናገረው፤ ጉዳዩ ከተሰማ በኋላ ሲናገር ነውር ይሆናል። ከዚያ በኋላ 7 ቁጥሩ ላይ ከሌላው የበለጠ እንዳይጨክን ይጠንቀቅ፤ በዘመዱ ላይ በመጨከን ንጹሕነቱን የሚያስመሰክር ዳኛም ካሳ እየከፈለ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ እኩል ለእኩል፣ የእንግዳው ቡድን አጥቂ 16 ከ50 ውስጥ ተጠለፈ። ዳኛው አየ። በጎሉ ጀርባ ያለው ሕዝብ መስመሩን አልፎ ገብቷል፤ ድንጋይ የያዘም አለ። ሽማግሌ ቢጠየቅ «ተወው ልጄ፣ ደም ከሚፈስ እኩል ይውጡ» ይላል። ክፉ ምክር አይደለም፤ ሰው ከኳስ ይበልጣል። ግን ሰውን ለማዳን የግድ ያየውን አላየሁም ማለት የለበትም። ሕጉ ለዳኛው ጨዋታን የማቋረጥ ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ሥልጣኑ የተሰጠው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ፊሽካውን ይንፋ፣ ነጥቡን ያሳይ፤ ሕዝቡ ካልወጣ ያቋርጥ፣ ተጫዋቾቹንም ራሱንም ይዞ ይውጣ። ማታ ሪፖርቱ ላይ ማን ክፉ እንደነበር አይጻፍ፣ ፈራሁ ወይም ደፈርኩም አይበል። ደቂቃውን፣ ቦታውን፣ የተጠለፈውንና የጠለፈውን ቁጥር፣ ከዚያም «ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጥቷል፤ አልተመታም» ብሎ ይፈርም። ሁለቱን ሰፈር ለማስታረቅ እሑድ ሽማግሌዎች ይቀመጡ ይሆናል፤ ከጠሩት ሄዶ ያየውን ይንገራቸው።